ጫማ ከማውለቅ እስከ አውሮፕላን መነሳት፦ «ቴክ ኦፍ» ስንት ፍቺ አለው?

ከለንደን ወይም ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈር መንገደኛ አንድን የእንግሊዝኛ ግሥ በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ሊሰማ ይችላል። ፍተሻ ላይ ቀበቶውን «ቴክ ኦፍ» እንዲያደርግ ይነገረዋል፤ አውልቅ መባሉ ነው። ሱቅ ሲገባ ሻጯ ከሽቶው ዋጋ ላይ ይህን ያህል «ቴክ ኦፍ» አደርግልሃለሁ ትለዋለች፤ ልትቀንስለት ነው። አጠገቡ የተቀመጠችው ተሳፋሪ አባቷን ለማስታመም ከሥራዋ ሁለት ሳምንት «ቴክ ኦፍ» ማድረጓን ታጫውተዋለች፤ ፈቃድ ወስዳለች። በመጨረሻ አብራሪው «ቴክ ኦፍ» ልናደርግ ነው ብሎ ያስታውቃል፤ አውሮፕላኑ ሊነሳ ነው። ማውለቅ፣ መቀነስ፣ ፈቃድ መውሰድና መነሳት በአማርኛ ዝምድና የሌላቸው ግሦች ናቸው። ለእንግሊዝኛው ግን ለሁሉም አንዱ ይበቃዋል፤ ሌላም ይጨምርበታል።

ከአንድ ተራ ግሥና «አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «አውት» ከመሳሰሉ አጫጭር ቃላት የሚሠሩትን እነዚህን ግሦች ተማሪው «ፍሬዛል ቨርብ» ይላቸዋል፤ የሰዋስው መጻሕፍት ሐረጋዊ ግሥ ይሏቸዋል። አገራችን ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው ከነዚህ ግሦች ጋር መጋፈጡ አይቀርም። የሚጋፈጥበት መንገድ ግን በአብዛኛው አንድ ነው፦ በግራ ግሡ፣ በቀኝ ፍቺው የተደረደረበት ወረቀት ይሰጠዋል፣ ይሸመድደዋል፣ ይፈተንበታል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ይህ ዳሰሳ «ቴክ ኦፍ»ን ይዞ የሚሞግተው ያንን ወረቀት ነው። ፍቺዎቹ በዘፈቀደ የተሰበሰቡ አይደሉም፤ ከአንድ ሥዕል የወጡ ናቸው። ሥዕሉን ለማየት ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ ከሚታሰበው በላይ የተዘጋጀ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በቃሉ ትውልድ ልጀምር። «ቴክ» እንግሊዝ አገር ውስጥ የተወለደ አይደለም። የጥንቱ እንግሊዝኛ «መውሰድ»ን የሚገልጸው «ኒማን» በሚል ግሥ ነበር። ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ የሰፈሩት ስካንዲኔቪያውያን «ታካ» የሚል ግሥ ይዘው መጡ፤ እንግዳው ቀስ በቀስ ባለቤቱን አስለቀቀው። «ኦፍ» ደግሞ ዛሬ «የ» ብለን ከምንፈታው «ኦቭ» ጋር መጀመሪያ አንድ ቃል ነበር። ጥንት የሁለቱም ትርጉም የእኛን «ከ» ይመስላል፤ ከአንድ ነገር መለየትን ያሳያል። ጠበቅ ተደርጎ ሲነገር «ኦፍ»፣ ላላ ሲል «ኦቭ» እየሆነ ቆይቶ በጽሕፈትም በፍቺም ፈጽሞ የተለያየው ከ1600 ወዲህ ነው። እንግዲህ «ቴክ ኦፍ» ብለን ስንናገር ከስካንዲኔቪያ የመጣ እጅና ነባር እንግሊዛዊ «ከ» አንድ ላይ እያሠራን ነው።

የእንግሊዝኛ ሊቃውንት የዚህን ግሥ አስቸጋሪነት የተረዱት ገና ድሮ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው ታላቅ መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ ለባዕዳን ከሁሉ የከፋው ችግር የግሥና የእነዚህ አጫጭር ቃላት ቅንጅት መሆኑን ጽፏል። በምሳሌነት ከደረደራቸው መካከል «ቴክ ኦፍ» አንዱ ነው፤ ለምሳሌ የወሰደው ፍቺ ግን ልብስ ማውለቅን ሳይሆን ሰውን መቅዳትን፣ አስመስሎ መሥራትን ነው። አውሮፕላን ገና አልነበረም። «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከጆንሰን 170 ዓመት በኋላ ነው። ሎጋን ፒርሶል ስሚዝ በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ሲጠቀምበት፣ ስያሜውን የሰጡት የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሄንሪ ብራድሊ መሆናቸውን ገልጿል።

አሁን ወደ ሥዕሉ። «ኦፍ» የሚያሳየው አንድ ነገር ካረፈበት ወይም ከተጣበቀበት ሲለይ ነው። ልብስ ከገላ ይለያል። እዚህ ላይ አማርኛው ከእንግሊዝኛው የበለጠ መራጭ ነው፦ ጫማና ቀለበት ይወልቃል፣ ጋቢ ከትከሻ ይወርዳል፣ ጥምጥም ይፈታል፣ የድስት ክዳን ይነሳል። እንግሊዝኛው ለሁሉም «ቴክ ኦፍ» ይላል። ቀጥሎ የሚለየው ነገር የማይጨበጥ ይሆናል። ብር ከዋጋ ላይ ይነሳል፤ ቀን ከሥራ ቀናት ላይ ይነሳል፤ ስም ከዝርዝር ይወጣል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን በእንግሊዝኛ ኮሜንታተር የሚከታተል የሰፈር ልጅ አሠልጣኙ አጥቂውን «ቴክ ኦፍ» አደረገው ሲባል ቀይሮ አስወጣው ማለት መሆኑን ያለ መምህር ያውቃል፤ ያወቀውም ሥዕሉ ፊቱ ስላለ ነው፦ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ነበር፣ አሁን ከሜዳው ተለየ።

እስካሁን ባየናቸው ሁሉ ለያይ አለ፣ ተለይ አለ። ሌላው ወገን ላይ ለያይ የለም፤ ነገሩ ራሱ ካለበት ይላቀቃል። አውሮፕላን ከመሠራቱ በፊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ቃል የዘላዮችና የፈረሰኞች ነበር፤ ፈረሱ አጥር ለመዝለል እግሩን ከመሬት የሚያነሳበትን ቅጽበትና ቦታ ይጠሩበታል። አውሮፕላን ሲመጣ ቃሉ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ሰውም ካለበት ድንገት ተነስቶ ሲሄድ በዚሁ ቃል ይነገርለታል።

አንድ ክፍል ውስጥ ያየሁት ነገር ይህን ከማንኛውም ሰንጠረዥ የበለጠ ያሳየኛል። ልብ ወለድ እያነበብን «ሂ ቱክ ኦፍ» የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ደረስን፤ ሰውየው ከሚስቱ ጋር ተጨቃጭቆ ምንም ሳይናገር ከቤት የሚወጣበት ቦታ ነው። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ምኑን ነው ያወለቀው?» አለ። እኔ ከመመለሴ በፊት ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ምንም አላወለቀም፤ ጥሏት ውልቅ አለ ማለት ነው» አለችው። ልጅቷ የተናገረችው ተራ የቤት አማርኛ ነው። ነገር ግን «አወለቀ» እና «ውልቅ አለ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ጫማ ከእግር ይወልቃል፣ ጥርስ ከድድ ይወልቃል፣ ጎማ ይወልቃል፣ ሰውም ከቤቱ ውልቅ ይላል። እንግሊዝኛው ከጫማ ወደ ሰውየው የሄደበትን መንገድ አማርኛም በራሱ ጊዜ፣ ከማንም ሳይዋስ ሄዶበታል። ከዚያ ቀን ወዲህ «ቴክ ኦፍ»ን ሳስተምር የምጀምረው ከዝርዝሩ ሳይሆን ከ«ወለቀ» ነው።

የልጁ ጥያቄም ቢሆን ዋጋ አለው። «ምኑን?» ብሎ መጠየቅ ለዚህ ግሥ ትክክለኛው ፈተና ነው። አማርኛ ለውጡን ግሡ ላይ ያትመዋል፦ ወለቀ፣ አወለቀ፤ ተነሳ፣ አነሳ፤ ብድግ አለ፣ ብድግ አደረገ። ተደራጊ መኖር አለመኖሩን ከግሡ ቅርጽ እንረዳለን። እንግሊዝኛው «ቴክ ኦፍ» ላይ ምንም ምልክት አያደርግም፤ ሥራውን ለተሳቢው ይተወዋል። ስለዚህ አንባቢ መጀመሪያ ተሳቢውን ይፈልግ። ተሳቢ ካለ ፍቺው አብዛኛውን ጊዜ ማውለቅ፣ መቀነስ፣ ማውረድ፣ ማስወጣት ከሚሉት አንዱ ነው። ከሌለ መነሳት፣ ውልቅ ማለት፣ ወይም ወደፊት የማነሳው ገበያ መምታት ነው። በዚች አንዲት ጥያቄ ግማሹ ግራ መጋባት ይወገዳል። አንድ የቅደም ተከተል ሕግም ከተሳቢው ጋር ይያያዛል፦ ተሳቢው ስም ከሆነ ከ«ኦፍ» በፊትም በኋላም ሊገባ ይችላል፤ ተውላጠ ስም ከሆነ ግን መሃል መግባቱ ግዴታ ነው። «ቴክ ኢት ኦፍ» ይባላል እንጂ «ቴክ ኦፍ ኢት» አይባልም። ተማሪዎቻችን ከፍቺው ይልቅ እዚህ ላይ ነው በብዛት የሚሳሳቱት።

ጆንሰን የጠቀሰው «ማስመሰል» ከሥዕሉ ውጭ ይመስላል። ግን እኛም ፎቶግራፍ «አነሳው» እንላለን፤ መልኩን ከላዩ ላይ አነሳነው እንደማለት ነው። የሰውን ጽሑፍ «ቀዳ» ስንልም ውሃ ከምንጭ በምንቀዳበት ግሥ ነው። የሰው ድምፅና አካሄድ ወስዶ በራስ ላይ ማሳየት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ይህ ፍቺ በእንግሊዝ እንጂ በአሜሪካ ብዙ አይሰማምና አልቆይበትም።

ገበያ የመምታቱ ፍቺ ግን ታሪክ ሠርቷል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ታሪክ ምሁር ዋልት ሮስቶው በ1956 ባወጣው ጽሑፍ፣ በኋላም በ1960 ባሳተመው የኢኮኖሚ ዕድገት ደረጃዎች መጽሐፉ፣ አገሮች አምስት ደረጃዎችን ያልፋሉ አለ። ሦስተኛውንና ወሳኙን «ቴክ ኦፍ» ብሎ ሰየመው። ምልክቱ ኢንቨስትመንት ከብሔራዊ ገቢ 5 በመቶ ገደማ ወደ 10 በመቶና ከዚያ በላይ መውጣቱ ነው። ለእንግሊዝ ይህን ጊዜ ከ1783 በኋላ ባሉት ሁለት አሥርት ዓመታት አስቀመጠው። ቃሉ ወዲያው ተወደደ፤ ከቅኝ ግዛት ለሚወጡ አገሮች ሁሉ ተስፋ ሆነ። ሳይመን ኩዝኔትስን የመሰሉ ኢኮኖሚስቶች ግን አኃዞቹ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ዝላይ አያሳዩም ብለው ተከራከሩ። በእኔ እምነት የክርክሩ ግማሽ የቃሉ ነበር። መሬት የለቀቀ አውሮፕላን መሃል ላይ ቆሞ ወደኋላ አይንሸራተትም፤ ወይ ይበራል ወይ ይወድቃል። አገር ግን ጥቂት ከፍ ብሎ ለአሥርት ዓመታት ባለበት ሊቆይ፣ ሊመለስም ይችላል። ሮስቶው ይህን ግሥ ሲመርጥ ያላረጋገጠውን ነገር ቃሉ በራሱ እንዲያረጋግጥለት አድርጓል። ዛሬም አንድ ዘፈን ወይም ንግድ «ቴክ ኦፍ» አደረገ ሲባል ያው ተስፋ አብሮት አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አይነግረንም።

የፍቺን ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ዐውዱ ይሸከመዋል። ያልተሸከመበትን ቀን ግን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ማርች 27 ቀን 1977 በስፔን ካናሪ ደሴቶች፣ በግራን ካናሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ቦምብ በመፈንዳቱ ብዙ በረራዎች ቴኔሪፍ ወደሚገኘው አነስተኛ የሎስ ሮዴዎስ ማረፊያ ተዛወሩ። ከነዚህ ሁለቱ ቦይንግ 747 ነበሩ፤ አንዱ የሆላንዱ ኬኤልኤም፣ ሌላው የአሜሪካው ፓን አም። ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ። ማማው ላይ ያለው ተቆጣጣሪ አውሮፕላኖቹን አያይም፤ እነሱም እርስ በርስ አይተያዩም። የፓን አሙ ገና ማኮብኮቢያው ላይ እየተጓዘ ሳለ የኬኤልኤሙ በማዶው ጫፍ ዞሮ ቆሟል። ተቆጣጣሪው ለኬኤልኤም ከተነሳ በኋላ የሚከተለውን መስመር ሲነግረው በመካከል «ቴክ ኦፍ» የሚለውን ቃል ተጠቀመ፤ ተነሳ የሚል ፈቃድ ግን አልሰጠም። ረዳት አብራሪው መመሪያውን መልሶ ካነበበ በኋላ አሁን «አት ቴክ ኦፍ» ነን ብሎ ጨመረ። ተቆጣጣሪው መነሻው ላይ ቆመናል ያሉት መሰለው። እነሱ ግን መንደርደር ጀምረው ነበር። ተቆጣጣሪው «ኦኬ» አለ፤ ቀጥሎ ተጠባበቁ፣ እጠራችኋለሁ አለ። ይህ ሁለተኛው ቃል ከፓን አም መልእክት ጋር ተደራርቦ በፉጨት ተዋጠ፤ ኬኤልኤም ውስጥ በግልጽ የተሰማው «ኦኬ»ው ነው። 583 ሰዎች ሞቱ። በአቪዬሽን ታሪክ ከዚያ የከፋ አደጋ አልደረሰም።

ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ቃል ላይ መጫን ትክክል አይሆንም። ካፒቴኑ ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደሩ፣ ጉሙ፣ የሬዲዮው መደራረብ፣ የተጨናነቀው ማረፊያ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ቢሆንም «መነሻው ላይ ነን» እና «እየተነሳን ነው» በአንድ ሐረግ መገለጻቸው የመጨረሻውን የመዳን ዕድል ወስዷል። ከዚያ በኋላ የዓለም አቪዬሽን ለቃሉ አጥር አበጀለት፦ «ቴክ ኦፍ» የሚባለው የመነሳት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ነው፤ በሌላው ንግግር ሁሉ «ዲፓርቸር» ይባላል። ቋንቋው ፍቺ ሲያበዛ የኖረበትን ቃል ሙያው አንድ ፍቺ ብቻ ሰጥቶ አሰረው። ዛሬ ቦሌ ላይም የሚነገረው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ወደ ተማሪው ልመለስ፤ በዚህ ላይ ብዙ ተጠንቷል። በ1985 መናሕም ዳጉትና ባቲያ ላውፈር ዕብራይስጥ ተናጋሪ የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን አጥንተው፣ አብዛኞቹ ሐረጋዊ ግሥን ሸሽተው አንድ ቃል የሆነውን አቻ እንደሚመርጡ አገኙ፤ በተለይ ፍቺው ከቃላቱ በቀጥታ የማይገኘውን ይሸሹታል። ምክንያቱን የሰጡት ለቋንቋቸው ነው፦ ዕብራይስጥ እንዲህ ያለ ግሥ የለውም። በ1989 ያን ሁልስታይንና ኤላይን ማርቼና ደግሞ ሆላንዳውያንን አጠኑ። ሆላንድኛ ተመሳሳይ ግሦች ስላሉት በጅምላ አልሸሹም፤ ከራሳቸው ቋንቋ ጋር ከልክ በላይ የተመሳሰሉባቸውን ዘይቤያዊ ግሦች ግን ተጠራጥረው ተዉ።

አማርኛ የት ይመደባል? የሴም ቋንቋ ነውና ከዕብራይስጥ ጋር የሚሉ ይኖራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አማርኛ ከዕብራይስጥም ከዐረብኛም የሚለይበት አንድ ሀብት አለው፤ እሱም ከ«አለ» እና ከ«አደረገ» ጋር የሚጣመሩት ግሦች ናቸው። ዝም አለ፣ ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ እብስ አለ፣ ላፍ አደረገ። «አለ» ብቻውን «ተናገረ» ነው፤ «ዝም አለ» ግን መናገር ማቆም ነው። ከሁለት ቃል የተሠራ፣ ፍቺው ከሁለቱ ድምር የማይገኝ ግሥ ማለት ይኸው ነው። ይህ ሀብት የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ ትግርኛ «ስቕ በለ»፣ ኦሮምኛ «ጨል ጄዼ» ይላሉ። ቻርልስ ፈርጉሰን በ1976 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በጉርብትና የተጋሯቸውን ባሕርያት ሲዘረዝር ይህንኑ አካቷል። ልዩነት አለ፤ «ኦፍ» ለብቻውም ትርጉም ሲኖረው «ብድግ» ያለ «አለ» አይቆምም። የአሠራሩ መንፈስ ግን አንድ ነው። ማስረጃው አፋችን ላይ ነው፤ እንግሊዝኛውን ስንዋስ «ቴክ ኦፍ አደረገ»፣ «ቼክ አደረገ»፣ «ሪላክስ አለ» እንላለን። እንግዳውን ግሥ ያስገባነው «ብድግ» በተቀመጠበት ወንበር ላይ ነው።

ስለዚህ ተማሪያችን የሚሸሸው መሣሪያው ስለሌለው አይመስለኝም። ከመጽሐፍ ስለተማረ ነው። «ሪሙቭ»ን፣ «ዲፓርት»ን፣ «ዲደክት»ን ከፊዚክስና ከሒሳብ መማሪያው ቀድሞ ያውቃቸዋል፤ እንግሊዛዊው ደግሞ ወጥ ቤቱ ውስጥ አይናገራቸውም። አዲስ አበባ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተመሰገነ ወጣት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሚኒያፖሊስ ሥራ ሲጀምር አለቃው የሚለው የማይገባው በዚህ ነው። ቆይቶ ግን ራሱም «ነገ ኦፍ ነኝ» ማለት ይጀምራል፤ ይህች «ኦፍ» አዲስ አበባ ተረኛ ነርሶችም ዘንድ አለች።

ሆስፒታል ውስጥ ጉዳዩ ከብዶ ይመጣል። ሐኪም ስለ አንዲት እናት ከመተንፈሻ መሣሪያው «ቴክ ሀር ኦፍ» እናደርጋለን ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ማለቱ ሊሆን ይችላል፦ በራሷ መተንፈስ ስለቻለች አያስፈልጋትም፤ ወይም ተስፋ ስለሌለ ይቁም። እንግሊዝኛው ራሱ አይለይም። አስተርጓሚው «ከማሽኑ ሊያወጧት ነው» ቢል አማርኛውም አይለይም፤ ቤተሰቡ እልል ይበል ወይም እርሙን ያውጣ አያውቅም። ጥሩ አስተርጓሚ እዚህ ላይ ቆሞ ሐኪሙን «ተሽሏት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን መጠየቅ ድፍረት የሚመስላቸው አሉ፤ የሥራው ዋና ክፍል ግን እሱ ነው።

ስንቱን መማር ይበቃል ለሚለው አኃዝ አለ። ዲ ጋርድነርና ማርክ ዴቪስ በ2007 መቶ ሚሊዮን ቃላት ባሉት የብሪታንያ የጽሑፍና የንግግር ክምችት ላይ ሠርተው፣ እጅግ የተዘወተሩት 100 ሐረጋዊ ግሦች በአንድ ላይ 559 ፍቺ እንዳላቸው ቆጠሩ፤ ለእያንዳንዱ አምስት ተኩል ያህል ይደርሳል። ይህ ተማሪን ያስደነግጣል። በ2015 ሜሎዲ ጋርኒየርና ኖርበርት ሽሚት 150 ግሦችን ወስደው ሰው በተግባር የሚጠቀምባቸውን ፍቺዎች ሲለዩ 288 ብቻ ሆኑ፤ በአማካይ ለአንዱ ሁለት ማለት ነው። ሁለቱን ካወቁ ቀሪዎቹን ከሥዕሉ መገመት ይቻላል።

ይህ ሁሉ በመጨረሻ መዝገበ ቃላት ላይ ማረፍ አለበት። ቮልፍ ሌስላው በ1973 ያወጣው እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ለእያንዳንዱ ፍቺ ሙሉ ዓረፍተ ነገር በመስጠቱ ከዘመኑ ቀድሞ ነበር፤ ቃልን ከዐውዱ ጋር ያሳያል። በ1989 የወጣው የኮቢልድ የሐረጋዊ ግሦች መዝገበ ቃላት ደግሞ «አፕ»ንና «ኦፍ»ን ለብቻቸው አውጥቶ ትርጉማቸውን አብራርቷል። ለአማርኛ ተማሪ የምመኘው ሁለቱን ያጣመረ፣ ከአማርኛ ግሥ የሚነሳ መጽሐፍ ነው። «ቴክ ኦፍ» የሚለው ገጽ አናት ላይ ወለቀ፣ አወለቀ፣ ውልቅ አለ ተጽፎ፣ ከሥሩ ተሳቢ ያላቸው በአንድ ወገን፣ የሌላቸው በሌላ ወገን ይቀመጡ። ተጫዋቹና በሽተኛዋ በተሳቢ ወገን፣ አውሮፕላኑና የሮስቶው አገር በማዶ ይሁኑ። ማስመሰሉ ከሁሉ በታች በትንሽ ፊደል ይግባ። የአቪዬሽኑ ሕግም በገጹ ጥግ ላይ ቦታ ይኑረው፤ አብራሪ ለመሆን የሚያልም ተማሪ ያን ገጽ ይገልጥ ይሆናልና።